ቃጭል የታሰረለት ስኳር

ከመካኒሳ የቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ ዘነበወርቅ የሚሄድ ሰው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወጥቶ ኮልፌ ቀራንዮ መግባቱን ልብ አይልም። የክፍለ ከተማው ወሰን ካርታ ላይ እንጂ አስፋልቱ ላይ የለም። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው መገናኛ ነው፤ ሕዝቡ ያላየውን፣ በአየር የሚሄደውን መልእክት፣ በሁለት ቃል ሰይሞ አስቀረው። ከዚያው ሰፈር ማዶ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ሌላ የማይታይ ነገር ለረጅም ዘመን ሲፈለግ ኖሯል፤ በሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ገላ ላይ ያለ ስኳር። ይህ ጽሑፍ የዚያን ፍለጋ ታሪክ የታተሙትን የምርምር ወረቀቶች እየተከተለ ይተርካል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወረቀቶቹ የሚቆጥሩት እንደዚያ ስለሆነ።

ግቢው ከምርምሩ ይቀድማል። በ1930ዎቹ በቦታው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲቋቋም በወጣትነታቸው ባረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከታከሙ በኋላም ወደ ቀያቸው አልተመለሱም፤ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደውና ከብደው ሰፈር መሠረቱ። በሰፈሩ የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ገብረ ክርስቶስ በትውፊቱ የንጉሥ ልጅነቱን ትቶ በደዌ መኖርን የመረጠ ጻድቅ ነውና፣ ታቦቱ በዚያ ሰፈር መክበሩ ማንን ለማጽናናት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዲሴምበር 11 ቀን 1965 በሆስፒታሉ ቦታ ላይ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌና የተሐድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአጭር ስሙ አህሪ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ መሪዎቹ መካከል ሞርተን ሃርቦና ቶሬ ጎዳል ነበሩ፤ ሁለቱም ኖርዌያውያን የሕክምና ተመራማሪዎች ናቸው።

ስሙም ከኖርዌይ የመጣ ነው። ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 በርገን ከተማ ውስጥ ከሕመምተኞች በወሰደው ናሙና ላይ በትር መሳይ ባክቴሪያዎችን አየና የሥጋ ደዌ መንስኤ እነሱ እንደሆኑ አሰበ። አንድን የሰው በሽታ ከአንድ ባክቴሪያ ጋር ካገናኙት ቀደምት ግኝቶች አንዱ ይኸው ነው። ሆኖም የሐንሰን ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ በቅሎ አያውቅም። የቲቢ ባክቴሪያ ቀስ ብሎም ቢሆን ይበቅላል፤ ይህኛው ግን ሕያው ገላ ካላገኘ አይራባም፤ ባገኘም ጊዜ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ቻርልስ ሼፐርድ በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ ማራባት እንደሚቻል አሳየ። በ1971 ኪርሽሃይመርና ስቶርስ አርማዲሎ የተባለው የአሜሪካ እንስሳ ባክቴሪያውን በብዛት እንደሚሸከም አሳወቁ። የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዘርተው ሊያበቅሉት ያልቻሉትን ነገር በዱካው መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ ዱካው ደግሞ ኋላ እንደምናየው ስኳር ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄውን አጥርቶ ያወጣው በ1973 ጎዳልና ነጋሲ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት አጭር ወረቀት ነው። የሠሩት እንዲህ ነው። ከጤነኛ ሰው ደም ነጭ የደም ሕዋሳትን ለይተው ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር አቆዩአቸው። ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን ከዚህ በፊት ያውቁት እንደሆነ ይነቃሉ፣ ይከፋፈላሉ፤ የማያውቁት ከሆነ ዝም ይላሉ። ከሕመምተኞች ጋር በሥራ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሕዋሳታቸው ነቃ። አንዳቸውም ግን አልታመሙም። ይህ ውጤት የሚናገረው ነገር ከባድ ነው። ለዘመናት «በቀላሉ አይጋባም» ሲባል የኖረው ባክቴሪያ ወደ ብዙ ሰው ይገባል፤ ከሚገባባቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ ሳያውቁት ያሸንፉታል። የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች እነማን ናቸው? ጣታቸው ከመደንዘዙ፣ ዓይናቸውን መክደን ከማቃታቸው በፊት እንዴት ይታወቃሉ? ከዚያ ወዲህ በግቢው የተሠራው ብዙ ሥራ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው።

ከእነዚያ ሥራዎች አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ኤሊዛቤት ዳንካን የተባለች ሐኪም በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ነፍሰ ጡር እናቶች ከእርግዝና እስከ ልጅ ማሳደግ ተከታተለች። በ1981 ሜልሶም፣ ሃርቦና ዳንካን ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ከእትብት የተወሰደ ደም መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ደሙ ውስጥ የፈለጉት አንቲቦዲዎችን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ወራሪውን ለይቶ የሚይዝባቸውን ፕሮቲኖች፣ ነበር፤ ከእነሱም ኤም እና ኤ የተባሉትን ዓይነቶች። ጂ የተባለው ዓይነት ከእናት ወደ ፅንስ ስለሚያልፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ኤም ግን የእንግዴ ልጅን አያልፍም። ስለዚህ በሕፃኑ እትብት ደም ውስጥ የባክቴሪያው ኤም አንቲቦዲ ከተገኘ የሠራው ሕፃኑ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ገና በማኅፀን ሳለ ባክቴሪያው ደርሶበታል። በአንዳንዶቹ ሕፃናት ተገኘ። ወረቀቱ እነዚያን እናቶች በቁጥር ያስታውሳቸዋል እንጂ በስም አይደለም፤ የሕክምና ምስጢር ነውና ተገቢም ነው። ግን የዚህ ታሪክ እኩሌታ የእነሱ መሆኑን የሚያነብ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ስኳሩ። አንቲቦዲ ባክቴሪያውን የሚያውቀው በገላው ላይ ባለው ነገር ነው። የሥጋ ደዌና የቲቢ ባክቴሪያዎች ገላ ደግሞ በቅባትና በስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ነው። ችግሩ ስኳር አይታይም። ቀለም የለውም፤ በብርሃን ፊት እንደ ውኃ ነው። ፕሮቲን ቢያንስ ልዕለ ሐምራዊውን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ብርሃንን፣ ስለሚመጥጥ በመሣሪያ ይነበባል፤ ስኳር ያንንም አያደርግም። እረኛ በጉም ቀን መንጋው የት እንዳለ የሚያውቀው በእንስሳው አንገት ባሰረው ቃጭል ነው። ስኳርን ለማየት የተደረገው ሁሉ ቃጭል የማሰር ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው ቃጭል በየቤቱ ሊሞከር ይችላል። በእንጀራ ጠርዝ ላይ ቁስል የሚጠረግበት አዮዲን አንድ ጠብታ ብናሳርፍ ቡናማው ጠብታ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። የጤፉ ስታርች ውስጥ ያለው ረጅም የስኳር ሰንሰለት እንደ ምንጭ ጥምዝ ነው፤ አዮዲኑ ጥምዙ ውስጥ ገብቶ ይሰለፋል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህ ከ1814 ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን አዮዲን የሚያገለግለው ለስታርች ነው። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ስኳር አጭር ወይም ቅርንጫፋም ስለሆነ አዮዲን የሚይዝበት ቦታ የለውም።

ለባክቴሪያው ስኳር የተገኘው ቃጭል ከራሱ ከአካላችን የተወሰደ ነው። በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ ማይክል ሃይደልበርገርና ኦስዋልድ ኤቨሪ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ዓይነቶች የሚለያዩት በሽፋናቸው ስኳር እንደሆነ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ የሰውነት መከላከያ የሚያውቀው ፕሮቲንን ብቻ ይመስል ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1941፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ አዲስ አበባ በተመለሱበት ዓመት፣ አልበርት ኩንስ የተባለ የሃርቫርድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ አጭር ወረቀት አወጣ። ሐሳቡ የመጣለት በ1939 በርሊንን ሊጎበኝ በሄደ ጊዜ ነው፤ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም ቢታሰርበትስ? ሞከረው። የመረጠው አንቲቦዲ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ሦስተኛውን ዓይነት የሚያውቀውን ነበር፤ ይህ አንቲቦዲ የሚይዘው ደግሞ የሽፋኑን ስኳር ነው። እንግዲህ ፍሎረሰንት ቀለም የታሰረበት የመጀመሪያው አንቲቦዲ ዒላማው ካርቦሃይድሬት ነበር። ይህን ነገር ብዙ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን የዘርፉ መነሻ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ፍሎረሰንት የሚባለው ቀለም አንድ ዓይነት ብርሃን ተቀብሎ ሌላ ዓይነት ብርሃን የሚመልስ ነው። ኩንስ መጀመሪያ የተጠቀመበት ቀለም ሰማያዊ ይመልስ ነበር። በብርጭቆ ውስጥ ባለው ባክቴሪያ ላይ አበራ፤ ከእንስሳ ገላ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ግን ችግር መጣ። ሥጋው ራሱ፣ ምንም ሳይታሰርበት፣ በአልትራቫዮሌት ሥር ወደ ሰማያዊ ያበራል። ቃጭሉ ከመንጋው ጩኸት ሊለይ አልቻለም። በ1942 ኩንስ አረንጓዴ ወደሚመልሰው ፍሎረሰይን ዞረና በሥጋው ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ ስኳር ለየ። የሥጋው የገዛ ብርሃን ያመጣውን ይህን ችግር አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ይመጣልና።

ዘዴው ወደ ሥጋ ደዌ የደረሰው በጃፓናዊው ማሳሂዴ አቤ እጅ ነው። በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ምርመራ በእጅ የሚሠራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ባክቴሪያዎቹ በመስታወት ስላይድ ላይ ይደርቃሉ። የሚመረመረው ሰው ሴረም፣ ማለትም ከደሙ የተለየው ፈሳሽ፣ በቀጥታ አይደፋባቸውም፤ አስቀድሞ ከሌሎች የባክቴሪያው ዘመዶች፣ ከቢሲጂ ክትባቱ ባክቴሪያ ጭምር፣ ጋር ይቆያል፤ የሁሉም የሆኑት አንቲቦዲዎች እዚያ ተይዘው እንዲቀሩ። ከዚያ የተረፈው ሴረም ጠብታ ስላይዱ ላይ ይቀመጣል፣ ይታጠባል። ቀጥሎ ፍሎረሰይን የታሰረበት፣ የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል፣ እንደገና ይታጠባል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ሰውዬው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ የሚያውቅ አንቲቦዲ ካለው፣ በትር መሳዮቹ ባክቴሪያዎች በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ። ከሌለው ጨለማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም፤ የቲቢ አክታ የሚመረመርበት አውራሚንም የሚያበራ ቀለም ነው፤ እሱ ግን የሚይዘው የባክቴሪያውን ቅባት እንጂ ስኳሩን አይደለም። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ማይክሮስኮፕ ስለሚታዩ ሰው ያምታታቸዋል።

የአቤ ዘዴ ሙሉ ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ ያ ባክቴሪያ ደግሞ የሚገኘው ከታመመ ገላ ብቻ ነው። መፍትሔው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ ነው። ፓትሪክ ብሬናን እና ባልደረቦቹ ከ1980 እስከ 1982 ባወጧቸው ወረቀቶች የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የራሱ የሆነ፣ ሌላ ዘመዱ የማይጋራው ፒጂኤል-አንድ የተባለ ነገር እንዳለው አሳዩ፤ ያወጡት ከታመመ አርማዲሎ ጉበት ነው። ረጅም ቅባት ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ስኳሮች ተያይዘው ተሰክተዋል። ሁለቱ ራምኖስ ይባላሉ፤ ውጪኛው ግሉኮስ ነው፤ ግን ተራ ግሉኮስ አይደለም፣ ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ ላይ ሚቲል ታክሎበታል። የታማሚው አንቲቦዲ በተለይ የሚያውቀው ይህን የውጪውን ስኳር ነው። ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች አርማዲሎውን ተሰናበቱት፤ ስኳሩን ራሱን በፍላስክ ውስጥ ሠርተው ከፕሮቲን ጋር አጣበቁት። ሳሕን ላይ ያልበቀለው ባክቴሪያ መለያ ምልክቱ ብቻ ያለ ባክቴሪያው ሊባዛ ቻለ። እንደ እኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው።

በዚሁ ዘመን ቀለሙን በአንቲቦዲ ሳይሆን በስኳሩ በራሱ ላይ የማሰር ጥበብም እያደገ ነበር። አንድ የስኳር ሰንሰለት ብዙ ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላል፤ ተከፍቶ አልዴሃይድ ሊሆን የሚችለው ጫፉ ግን አንድ ብቻ ነው። አሚን ያለው ቀለም ከዚያ ጫፍ ጋር ይገናኛል። ይህን ዓይነት ግንኙነት ሁጎ ሺፍ በ1864 ገልጾት ነበር፤ ነገር ግን በውኃ ተመልሶ የሚፈታ ቋጠሮ ነው። በ1971 ሪቻርድ ቦርች እና ባልደረቦቹ ሶዲየም ሳያኖቦሮሃይድራይድ ቋጠሮውን ለይቶ እንደሚያጠብቀው አሳዩ። በ1978 የኦሳካው ሱሚዮ ሃሴ አሚኖፒሪዲን የተባለውን ቀለም በስኳር ጫፍ አሰረ፤ በ1990 ፒተር ጃክሰን ኤኤንቲኤስን፣ በ1995 ቢግና ባልደረቦቹ በብዙ ላቦራቶሪ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አሚኖቤንዛማይድን አስተዋወቁ። የኋለኛው በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ የተረፈውን ቀለም አጥቦ ማስወገድ ነው። ጥቅሙ በቁጥሩ ላይ ነው። ለአንድ ሰንሰለት አንድ ጫፍ፣ ለአንድ ጫፍ አንድ ቀለም ስለሆነ የሚበራው ብርሃን የሰንሰለቶቹን ብዛት ይቆጥራል፤ ረጅሙም አጭሩም እኩል አንድ ቃጭል አለው።

ነገር ግን የእኛ ባክቴሪያዎች ስኳር ጫፉ ዝግ ነው፤ ከቅባቱ ጋር የተጣበቀው በዚያው ጫፍ ነውና። በቲቢ ባክቴሪያ ላይ ያለውን በአጭሩ ላም የሚባለውን ትልቅ የስኳር ሰንሰለት ያጠኑ የፈረንሳይ ቱሉዝ ተመራማሪዎች፣ ኒጉ፣ ፑዞና ባልደረቦቻቸው፣ ሰንሰለቱን በለሰለሰ አሲድ ቆረጡት። ቁራጮቹ አዲስ ክፍት ጫፍ አገኙ። ኤፒቲኤስ የተባለውን ብርቱ ቀለም አስረው በፀጉር መሳይ ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ነዷቸው፤ በመውጫው ሌዘር እየጠበቀ አነበባቸው። በዚህ ዘዴ የሰንሰለቱ ጫፎች አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማኖስ የተባለ ስኳር እንደሚሸከሙ ተቆጠረ።

ቱሉዝ ውስጥ ይህ ሲቆጠር፣ ያው ላም አዲስ አበባ ውስጥ በሽንት እየተፈለገ ነበር። በ2001 ተሰማ፣ ሐማሱር፣ ብዩን፣ ስቬንሰንና ብዮርቫትን በአንድ የኢትዮጵያ የቲቢ ማዕከል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ባክቴሪያው ሲሞትና ሲበተን ስኳሩ ወደ ደም ይገባል፣ በኩላሊት አልፎ ሽንት ውስጥ ይወርዳል፤ አክታ ማውጣት ያቃተው ሰው ሽንት መስጠት አያቅተውም። ከደራሲዎቹ ሁለቱ፣ ብዩንና ብዮርቫትን፣ በ1970ዎቹ በአህሪ በሥጋ ደዌ ላይ የሠሩ ናቸው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደዚያው ከተማ፣ ወደ ሌላው የባክቴሪያው ዘመድ ስኳር ተመለሱ። የሽንቱ ምርመራ ኋላ በ25 ደቂቃ የሚነበብ ወረቀት ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 የመከላከል አቅማቸው እጅግ ለወረደ ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች መከረው፤ ባክቴሪያው በብዛት ባለበት ሰው ላይ ነው ስኳሩ በቂ ሆኖ የሚገኘው።

የሥጋ ደዌው ክርም በአህሪ አልተበጠሰም። በ2014 የአህሪዋ ቅድስት ቦቦሻ ከሆላንድ ሌይደን ተመራማሪዎች ጋር አንድ የመስክ ምርመራ ግምገማ አሳተመች። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ቀጭን ወረቀት ናት። በወረቀቷ ላይ በመስመር የተቀመጠው በፍላስክ የተሠራው የፒጂኤል-አንድ ስኳር ነው። የሰው ሴረም ሲያልፍ አንቲቦዲው እዚያ ይያዛል፤ እሱን የሚይዙት ደግሞ ብርሃን የሚሰጡ ጥቃቅን ፎስፈሮች ናቸው። ቀለማቱ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛ ጉልበት ያለውን ብርሃን ተቀብለው ዝቅተኛውን ይመልሱ ነበር። እነዚህ ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ተቀብለው አረንጓዴ ይመልሳሉ። በሕያው ነገር ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ የለም። ስለዚህ ደሙም ሆነ ወረቀቱ የራሱን ብርሃን አይጨምርም፤ ኩንስን በ1941 ያስቸገረው የሥጋው ጩኸት እዚህ ጸጥ ብሏል። ቃጭሉ ብቻውን ይሰማል።

ቃጭሉ ግን ሁልጊዜ የለም። ባክቴሪያ በብዛት ያለባቸው ታማሚዎች የፒጂኤል-አንድ አንቲቦዲ በብዛት አላቸው፤ ባክቴሪያቸው ጥቂት የሆነው ብዙ ጊዜ የላቸውም። አንቲቦዲ ያለው ጤነኛም ሁሉ አይታመምም። የሌይደንና የአህሪ ተመራማሪዎች ከስኳሩ ጎን የሕዋሳትን መልእክተኛ ፕሮቲኖች አብረው የለኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስኳሩ ብቻውን የጎዳልንና የነጋሲን ጥያቄ አይመልስምና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የሥጋ ደዌ መመሪያ ምልክት የሌለባቸውን የታማሚ ቤተሰቦች ለመመርመር የሚያገለግል አንድም ምርመራ አልመከረም። በምትኩ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ በተደረገና በ2008 በታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ ሕመምን በ57 በመቶ በቀነሰው መንገድ፣ ከታማሚው ጋር ንክኪ ላላቸው ዐዋቂዎችና ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች፣ ሥጋ ደዌና ቲቢ እንደሌለባቸው ከታየ በኋላ፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን የተባለ መድኃኒት እንዲሰጥ መከረ። የሚሰጠው ለሁሉም ነው፤ ከመካከላቸው ማን እንደሚታመም አስቀድሞ መለየት ስላልተቻለ።